የሚንቀጠቀጥ እጅና በሳሕን ውስጥ የሚያድግ ሕዋስ

በለንደን ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ስለ አንድ እንግዳ ሕመም ትንሽ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ በማስረጃነት ያቀረበው የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ብቻ ነበር። ከስድስቱም ሦስቱን ያገኛቸው በሕክምና ክፍሉ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ሁለቱን አስቁሞ አነጋገራቸው፤ አንደኛውን ግን ከሩቅ ተመልክቶ አካሄዱን ብቻ መዘገበ። ይህም የሆነው በ1817 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) እጅ ሥራ ፈትቶ ባረፈበት ሰዓት የሚንቀጠቀጥበት፣ ወገብ ወደ ፊት የሚጎብጥበት፣ እግር ባለቤቱ ሳያዘው እየተጣደፈ የሚራመድበት ያ ሕመም ከጊዜ በኋላ በሐኪሙ ስም ተጠራ።

ፓርኪንሰን በለንደን ጎዳና ያደረገውን ማንም አስተዋይ ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሊያደርገው ይችላል። ከሚንሸራሸረው ሕዝብ መካከል አንድ እጁ ብቻ እየተወዛወዘ ሌላው ከጎኑ ተጣብቆ የቀረበት ሰው ሊኖር ይችላል። ለመመለስ ሲዞር እንደ ሌላው ሰው በአንድ ጊዜ ዘወር አይልም፤ በትንንሽ እርምጃ እየተንፏቀቀ ነው የሚዞረው። ሰላምታ ሲሰጡት ፊቱ አይፈታም፤ ስለዚህም የማያውቁት «ኮርቷል» ይሉታል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ጽሕፈቱ ከመስመር መስመር እያነሰ ሄዶ እንደ ጉንዳን መንገድ ይሆናል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ማሽተት ያቆመ መሆኑ ነው። በቤቱ ቡና ሲቆላ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸተው እርሱ አይሸተውም፤ ግን ለዚህ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ማን አለ?

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ወሬው ይበዛል። አንዱ የመጠጥ ውጤት ነው ይላል፤ ሌላው ዓይን በላው ይላል፤ ልጆቹ «አባባ አርጅቶ ነው» ብለው ይተዉታል። እርጅና ሁሉ ግን እጅ አያንቀጠቅጥም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም ሁሉ የፓርኪንሰን ሕመም የያዘው አይደለም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የነርቭ ሐኪም ነው።

በሰፈራችን የታወቁ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ስማቸውን ማንሣት አያስፈልግም። ለዓመታት የሠርግ ሱፍ ሲሰፉ የኖሩ ሰው፣ አሁን መርፌና ክር የምታገናኝላቸው ልጃቸው ናት። በውጭ አገር ያለ ዘመድ በስልክ አንድ ማስታወቂያ ልኮላቸዋል፤ ማስታወቂያው «በስቴም ሴል ፓርኪንሰንን ፈጽሞ እንፈውሳለን» ይላል። የተጠየቀው ገንዘብ ቤታቸውን ካልሸጡ የማይገኝ ነበር። ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር ሰንብቶ እኔን አስጠሩኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ገንዘብ ማውጫ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጥቂት ቀን ይስጡኝ» ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ ያን ቀን ያልመለስኩት መልስ ረዘም ብሎ እነሆ ለአንባቢም ቀርቧል።

አስቀድሞ ሕመሙ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንጎል በታችኛው ክፍል፣ በግራና በቀኝ፣ የጥንት ሐኪሞች በላቲን ቋንቋ «ጥቁሩ ነገር» ያሉት ትንሽ ሥፍራ አለ። በውነትም ጥቁር ነው፤ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት (ብዙዎቻችን ሴል እያልን የምንጠራቸው) ጥቁር ቀለም ያጠራቅማሉ። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር እየሠሩ ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል ይልካሉ። በአሞራ ገደል መረብ የሚጠግነውን ዓሣ አጥማጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ከጓደኛው ጋር እየተጨዋወተ ጣቶቹ በራሳቸው ይሠራሉ፣ ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ትእዛዝ አይጠብቁም። ይህ ቅልጥፍና ያለ ዶፓሚን አይሆንም። በፓርኪንሰን ሕመም የተያዘ ሰው ጥቁሮቹ ሕዋሳት አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ሥፍራውም እየገረጣ ይሄዳል። ክፋቱ ግን ሞታቸው ድምፅ የለውም። ሰውየው እጁን አይቶ በሚደነግጥበት ቀን ከሕዋሳቱ እጅግ ብዙዎቹ አስቀድመው አልቀዋል።

መድኃኒቱ የተገኘበት ታሪክ ለእኛ አገር ሰው የተለየ ጣዕም አለው። በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ የስዊስ ኬሚስት ሌቮዶፓ የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነበር፤ በጾም ቀን ሥልጆና ሹሮ የምናደርገው፣ በክረምት መውጫ እሸቱን የምንበላው ያው ባቄላ ማለት ነው። ኬሚስቱ ሁለት ግራም ተኩል ያህሉን ራሱ ቀምሶ ክፉኛ አስመለሰውና ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ ተወው። ከ44 ዓመት በኋላ በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በሌላ መድኃኒት የደነዘዙ ጥንቸሎችን በሌቮዶፓ ወግቶ ቢያያቸው ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ1960 በቪየና ከተማ ኦሌህ ሆርኒኬቪች የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምሮ ዶፓሚን እንደጎደለው አረጋገጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሌቮዶፓ በመርፌ ለሕሙማን ተሰጠ። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በኒው ዮርክ መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ በአፍ እንዲወሰድ አደረገ። ከወንበር መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ተራመዱ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

(ይህን ያነበበ ሰው ክኒኑን ጥሎ ወደ እሸት ባቄላ እንዳይሮጥ አደራ። በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዘሩና እንደ እድገቱ ይለያያል፤ ሐኪም የሚያዘው ግን ልክ ያለው ነው።)

ሌቮዶፓ የጎደለውን ይሞላል እንጂ የሕዋሳቱን ሞት አያቆምም። ከዓመታት በኋላ ክኒኑ የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል፤ አንዳንዱም ሰው ሳይወድ የሚወራጭ ሰውነት ያመጣበታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን የሚገድላቸው ምንድር ነው? ብለው መጠየቃቸውን አላቆሙም። እዚህ ላይ ትልቅ እንቅፋት ነበረባቸው። ደም የታመመ እንደሆነ ደም ይቀዳል፤ ጉበት የታመመ እንደሆነ ከጉበት ቅንጣት ተቆርጦ ይታያል። በሕይወት ካለ ሰው አንጎል ግን ጥቁሩን ሥፍራ ቆርጦ የሚያወጣ ሐኪም የለም። አይጥም ቢሆን እንደ ሰው ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ አይዘውም። የቀረው መንገድ ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መመርመር ነበር፤ ይህም ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ አመዱን እየበተኑ እሳቱ ከየትኛው ጥግ እንደ ተነሣ እንደ መፈለግ ያለ ነው።

መንገዱን የከፈተው ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ይማር ነበር፤ እጁ ግን ቀርፋፋ ስለነበረ ባልደረቦቹ በስሙ ቀልደው «ጃማናካ» ይሉት ነበር ይባላል፤ «ጃማ» በጃፓን ቋንቋ እንቅፋት ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ወደ ምርምር ገባ። ጥያቄውም፣ አንድ ጊዜ ቆዳ ሆኖ የተወሰነ ሕዋስ ወደ ልጅነቱ ሊመለስ ይችላልን? የሚል ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን በ1962 ከጓጉንቸር አንጀት የወሰደውን የሕዋስ አስኳል አስኳሉ በጠፋ ዕንቁላል ውስጥ አግብቶ አዲስ ጓጉንቸር በማሳደጉ ነገሩ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። (ይህ ጉርደን በተማሪነቱ ሳይንቲስት ሊሆን ማሰቡ መሳቂያ እንደሆነ መምህሩ ጽፎለት፣ ያንን ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ ቢሮው ውስጥ ሰቅሎት ይኖር ነበር።) ያማናካ 24 የዘር ትእዛዞችን፣ ማለት ጂኖችን መርጦ እየቀነሰ ሲሞክር አራቱ ብቻ እንደሚበቁ አገኘ። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሕዋስ ተሳካ። በ2012 እርሱና ጉርደን የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እንዲህ ወደ ልጅነቱ የተመለሰው ሕዋስ ነው ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ ከሚባሉት አንዱ። ነገሩ ለከተሜ ይከብድ እንደሆነ እንጂ ለሲዳማ ገበሬ አዲስ አይመስለኝም። ገበሬው የእንሰቱን ግንድ ከሥሩ አጠገብ ይቆርጠዋል፤ ከመሬት በታች ያለውን አሚቾ እምብርቱን ፈንቅሎ አውጥቶ መልሶ ይቀብረዋል። እምብርቱ የወጣበት አሚቾ ከጥቂት ወራት በኋላ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ያወጣል፤ ችግኙም ሁሉ የእናቱ ዓይነት ነው። ያደገውና የተወሰነው አካል እንደገና ልጅ ሆነ ማለት ነው። ያማናካም ለሰው ቆዳ ያደረገለት ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ከታመመ ሰው የተወሰደ ቆዳም የሚሰጠው ግንደ ሕዋስ የዚያኑ ሰው ዘር ሙሉ በሙሉ የያዘ ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የወጣቶች ነው። ዶክትሬታቸውን ጨርሰው፣ ገና የራሳቸው ቤተ ሙከራ ሳይኖራቸው በሌላ ፕሮፌሰር ሥር የሚመራመሩ፣ ፖስትዶክ የሚባሉ ሰዎች በየቀኑ ሕዋሳቱን ይመግባሉ። ሕዋሳቱ እንደ ሰው ሰውነት በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀመጣሉ፤ ምግባቸው የሆነው ፈሳሽ ይለወጥላቸዋል፤ እሑድና በዓል አያውቁም። በተወሰነ ቀን የተወሰነ ንጥረ ነገር እየተጨመረላቸው ከሳምንታት በኋላ የአንጎል ሕዋስ መሆን ይጀምራሉ፤ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፣ ዶፓሚንም ይሠራሉ። አንዲት ባክቴሪያ ከገባች የሁለት ወር ልፋት በአንድ ሌሊት ይበሰብሳል። በትምህርት ላይ ሳለን እኛ በማይክሮስኮፕ ያየነው ሕዋስ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ ያውም መብራት ሳይጠፋ የቀረ ዕለት። ይህን ሳስብ ከቅናት ይልቅ መደነቅ ይበዛብኛል።

ትርፉ ምንድር ነው? በ2003 በአሜሪካ የአንድ ቤተ ሰብ ሰዎች አልፋ ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ተባዝቶባቸው በፓርኪንሰን እንደሚያዙ ታወቀ። ፕሮቲኑ በሕሙማን አንጎል ውስጥ ተጓጉሎ የሚገኘው ነው። በ2011 ከዚህ ቤተ ሰብ ቆዳ የነርቭ ሕዋስ ሲበቅል፣ ፕሮቲኑ እጥፍ ሆኖ በሳሕኑ ውስጥ ታየ። በሕይወት ያለ ሰው ሕመም ከአንጎሉ ውጭ፣ በዓይን ፊት መታየት ጀመረ ማለት ነው። ከዚህም የረቀቀ ዘዴ አለ። ኤል-አር-አር-ኬ-ሁለት በሚባለው ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ስትለወጥ በሽታውን ታመጣለች። ተመራማሪው የሕመምተኛውን ሕዋስ ለሁለት ይከፍልና በአንደኛው ክፍል ያቺን ፊደል ብቻ ያርማል። ሁለቱ ሳሕኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፤ እንግዲህ አንደኛው ሲታመም ሌላው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክርክር የለውም። አዲስ መድኃኒትም በሰው ከመሞከሩ በፊት በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ይፈተናል።

ይሁን እንጂ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። የ70 ዓመት አዛውንት ቆዳ ወደ ግንደ ሕዋስነት ሲመለስ እርጅናውም አብሮ ይታጠባል። ከእርሱ የሚወጣው የነርቭ ሕዋስ እንደ ሕፃን ሕዋስ ነው፤ ፓርኪንሰን ግን በአብዛኛው የሽምግልና ሕመም ነው። ስለዚህ በሳሕን የታየው ሁሉ በሰው ውስጥ ይሆናል ማለት አይደለም። በ2013 የወጣ አንድ ምርምር ሕዋሳቱን ፈጥኖ በሚያስረጅ ፕሮቲን ሆን ብሎ አስረጅቶ የሕመሙን ምልክት ለማየት ሞክሮ ነበር። ሰው ሁሉ እርጅናን በሚሸሽበት ዓለም እርጅናን በድካም የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው አያስቅም?

ወደ ልብስ ሰፊው ጥያቄ እንመለስ። ሕዋሱ በሳሕን ከበቀለ አንጎል ውስጥ ቢተከልስ? ይህም ተሞክሯል። በስዊድን ሉንድ ከተማ በ1987 ከውርጃ ፅንስ የተወሰደ የአንጎል ሕዋስ ለሕሙማን ተተከለ፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት ተሻላቸው፣ በኋላ በሌሎች አገሮች በተደረጉት ሙከራዎች ግን ሌላ መወራጨት የመጣባቸውም ነበሩ። በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ደግሞ በ2018 ከግንደ ሕዋስ የበቀለ ሕዋስ ለመጀመሪያው ሕመምተኛ ተተከለ። ውጤቱ በሚያዝያ ወር 2025 ታትሞ ወጣ። ሕሙማኑ ሰባት ነበሩ፤ ከ50 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸው። ከባድ ጉዳት አልደረሰም፤ ለውጡ ከተለካላቸው ስድስት ሰዎች አራቱ ክኒናቸው ባልሠራበት ሰዓት እንኳ እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሎ ተገኘ። በዚያው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራም ታተመ፤ እርሱም የተተከለው ሕዋስ ሕሙማኑን እንዳልጎዳ ገለጸ።

ሰባትና ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ዘጠኝ ይሆናል። ሙከራዎቹ በመጀመሪያ የጠየቁት «ይጎዳል ወይ?» ብለው ነው እንጂ «ይፈውሳል ወይ?» ብለው አይደለም፤ ያልተተከለላቸው ሕሙማንም ለማመዛዘኛ አልቀረቡም። የራስ ቅል ተበስቶ፣ በመርፌ በሚሊ ሜትር ተለክቶ የሚደረግ ሥራ ነው። እንግዲህ በክንድ ሥር በሚሰጥ መርፌ ያንኑ ፓርኪንሰንን፣ ስኳር በሽታንና የጉልበት ሕመምን በአንድነት እፈውሳለሁ የሚል፣ ያውም ገንዘቡን አስቀድሞ የሚቀበል ሰው ከሐኪም ይልቅ ነጋዴ ነው። ለልብስ ሰፊው ይህን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያስ ቤቱ ይቆይ» አሉ። ልጃቸው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ተስፋን ከሰው ላይ ማንሣት ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ሳገላብጥ አእምሮዬን የያዘው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በእነዚያ ሳሕኖች ውስጥ የሚያድገው የማን ሕዋስ ነው? ቅድም ያነሣናት የኤል-አር-አር-ኬ-ሁለት አንዲት ፊደል በአውሮፓ ሕሙማን ዘንድ ጥቂት ናት፤ በሰሜን አፍሪካ ዐረቦች መካከል ግን ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ያህል ትገኛለች። በ2023 ደግሞ የናይጄሪያና የለንደን ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ጂ-ቢ-ኤ-አንድ በሚባል ጂን ላይ ቀድሞ ያልታወቀ ለውጥ አገኙ። ለውጡ የተገኘው አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ነው፤ በአውሮፓውያን ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው በሕመሙ የመያዙ ዕድል አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ከሁለቱም የወረሰ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ለብዙ ዓመት በፈረንጅ ደም ብቻ ሲፈለግ የኖረ ሰው ይህን እንዴት ያገኘው ኖሯል? የኪዮቶ ሰው ቆዳ የሌጎስን ሰው ሕመም አይናገርም፤ የሀዋሳንም እንደዚሁ።

የኢትዮጵያ ሕዝብ በዘር ልዩ ልዩነቱ ከዓለም ባለጸጋ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለ ሕመሙ በአገራችን የተደረገው ቆጠራ ግን ጥቂት ነው። ከሀዋሳ ብዙም በማይርቀው በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከቤት ቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ1990 አሳተሙ፤ ከመቶ ሺሕ ሰው ሰባት የሚሆን የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ተገኘ። ቁጥሩ ትንሽ መምሰሉ አያስደንቅም፤ በዚያን ጊዜ የገጠሩ ሕዝብ አብዛኛው ልጅና ወጣት ነበር። ሕመሙ ግን ዕድሜ ሲረዝም የሚመጣ ነው፤ የሕዝባችንም ዕድሜ ከዚያ ወዲህ ረዝሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው፤ ወይዘሮ ክብራ ከበደ ደግሞ ራሳቸው ከሕመሙ ጋር እየኖሩ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት አቋቁመዋል። መነሻ የሚሆነው የሕሙማን መዝገብ ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው የሚወጣው።

እንደ እኔ አስተያየት ከሆነ ለሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና ለመሰሎቹ ነገ የኪዮቶን የመሰለ ቤተ ሙከራ ሥሩ ማለት ባዶ ምኞት ነው። ሕሙማንን በሥርዓት መመዝገብ፣ ፈቃዳቸውን በሚሰሙት ቋንቋ መጠየቅ፣ ከፈቀዱት ጥቂት ደም ቀድቶ በቅዝቃዜ ማቆየት ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። ፈቃዱ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ በ1951 ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች ጥቁር ሴት ሳትጠየቅ የተወሰደው ሕዋስ ዓለምን ሲጠቅም፣ ቤተ ሰቧ ለብዙ ዓመት ወሬውን እንኳ አልሰማም ነበር። የሲዳማ፣ የወላይታ ወይም የጎጃም ገበሬ ደሙ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እስከዚያው ያለው ክኒኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ሌቮዶፓንም እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መካከል አስቀምጦታል፤ በድኻ አገሮች ግን በየቦታው እንደማይገኝ ራሱ ይናገራል። ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞረው በአራተኛው አግኝተውታል። ያን ያህል ተደክሞበት የተገኘ ክኒን ደግሞ በገበታ ምክንያት ሊባክን ይችላል፤ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚገባው ከሥጋና ከዓሣ የሚገኘው ፕሮቲን በሚገባበት በር ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ይጋፋሉ። ክኒኑን ከጥብስ ጋር የዋጠ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ቢል አይፈረድበትም። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚመክሩት ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ በውሃ እንዲወሰድ ነው፤ ባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ቁራሽ ዳቦ ሊቀምስ ይችላል። ልብስ ሰፊው አሁን ክኒናቸውን የሚውጡት ልጃቸው ሽንኩርቱን መክተፍ ስትጀምር ነው፤ ዓሣው የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።